መጻሕፍት ዘመድ ሲቆጥሩ

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች «ዘመዳሞች ነን» ካሉ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። አጠገባቸው ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ «በምን በኩል?» ማለቱ አይቀርም። በእናት ነው በአባት? የሥጋ ነው የጋብቻ? የጡት ልጅ ነው ወይስ የክርስትና ልጅ? ሊጋቡ የታሰቡ ከሆነማ ቆጠራው እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል። (ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደረስ ድግሱ የቀረበት ሰው ያውቀዋል።) «ዘመድ» የሚለው ቃል ብቻውን ለእነዚህ ሽማግሌዎች ወሬ ነው። ዕውቀት የሚሆነው ዝምድናው በስሙ ሲጠራ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሰርግ ላወራ አይደለም፤ ስለ መጻሕፍት ነው።

ሰሞኑን ሁለት ወጣቶች የጀመሩትን ሥራ እንድተችላቸው ጠየቁኝ። አንዷ ሥነ ጽሑፍ የተማረች ናት፤ ሌላው የኮምፒውተር ሰው ነው። የሚሠሩት ድረ ገጽ ነው። ሲከፍቱት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ከዋክብት የተበተኑ ነጥቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ የአማርኛ ወይም የግዕዝ ሥራ ነው። ነጥቡን ሲነኩት ወደ መሐል ይመጣል፤ ከእርሱ ጋር የሚገናኙት ሥራዎች በመስመር እየተሳቡ ይከቡታል። ከእነዚያ አንዱን ቢነኩ ደግሞ እሱ መሐል ይገባና ሌላ ክበብ ይሠራል። እንዲህ እያሉ ከ«ጦቢያ» ተነሥተው «ኦሮማይ» ዘንድ መድረስ ይቻላል። ልጆቹ «መምህር፣ እስቲ አይተው ይተቹልን» አሉኝ። ማስተማር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። መተቸት ግን አላቆምኩምና እነሆ።

አስቀድሜ ልበል፤ ሐሳቡ ግሩም ነው። ሥነ ጽሑፋችንን ስናስተምር የኖርነው መጻሕፍቱን እንደ ደሴት እየነጣጠልን ነው። «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ይባላል?» ብሎ ፈተናው ይጠይቃል። «ጦቢያ፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ 1900 ዓ.ም.፤ ሮም» ብሎ ተማሪው ይመልሳል። ሙሉ ማርክ! ጦቢያ ከማን ተወለደች፣ ማንን ወለደች፣ ከማን ተጣላች፣ እሱን የሚጠይቅ የለም። በዚህ ዓይነት ትምህርት ያለፈ ሰው የመጻሕፍት ስምና ዓመት በቃሉ ይዞ ይወጣል። ቤተሰቡን ግን አያውቀውም። እና እነዚህ ልጆች ደሴቶቹ ላይ ድልድይ ልንሠራ ነው ብለው ሲነሡ ማን ይቃወማቸዋል?

ሐሳቡ ለዓለም አዲስ አይደለም። ቫኔቫር ቡሽ የተባለው አሜሪካዊ የሳይንስ ሰው አንባቢ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የራሱን መንገድ እየቀየሰ የሚጓዝበትን መሣሪያ በሐሳቡ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። ቴድ ኔልሰን በ1960ዎቹ «ሃይፐርቴክስት» የሚል ስም አወጣለት። በዚያው አሥርት ዓመት ፓሪስ ውስጥ ጁሊያ ክሪስቴቫ ማንኛውም ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች የተሸመነ ነው ስትል «ኢንተርቴክስቹዋሊቲ» የሚለውን ቃል አመጣች። የእኛም መጻሕፍት ቢሆኑ ከዚህ ዓይነት ሥራ የራቁ አይደሉም። ሐምቡርግ ላይ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት እየመዘገበ፣ የትኛው ድርሰት በየትኛው ብራና እንደሚገኝ እያያያዘ ነው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በተአምረ ማርያም ላይ ብቻ ያተኮረ ድረ ገጽ አለው። ከ1,000 በላይ የሆኑትን የተአምር ታሪኮች አንድ ባንድ ለቅሞ፣ የትኛው ታሪክ የት ብራና ላይ እንዳለ ያሳያል። በላዔ ሰብን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ብቻ ለምናውቀው ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሰዎቹ የኮምፒውተር ችሎታ አያስቀናም አልልም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ክሪስ ሃሪሰን የተባለ የኮምፒውተር ሰው ከአንድ የሉተራን ቄስ ጋር ሆኖ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምዕራፍን ከምዕራፍ የሚያያይዙ 63,779 መስመሮችን በአንድ ሥዕል ላይ ሣለ። ቀስተ ደመና ይመስላል። ውበቱ ያፈዝዛል። ሥዕሉን ትኩር ብሎ አይቶ የተነሣ ሰው ግን ስለ አንዱም መስመር የሚያውቀው ነገር የለም። መጽሐፉ እርስ በርሱ የተሳሰረ መሆኑን ተረድቶ ይሄዳል፤ እንዴት እንደተሳሰረ ሳይረዳ። ሠሪዎቹም ሥዕሉን ያዘጋጁት የመጽሐፉን ስፋት ለማሳየት ስለሆነ አይወቀሱም። የእኛዎቹ ልጆች ግን «ዝምድናን እናሳያለን» ብለዋል። እንግዲያው የሽማግሌዎቹን ጥያቄ ልጠይቃቸው፤ በምን በኩል?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነካሁ። ከከበቡት አንዱ የከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት» ነው። መስመሩን ብነካው «ተያያዥ» ይላል። አለቀ! ይሄ እኮ «ዘመድ ነው» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ሁለት ወጣቶች ተዋደዱ፣ ወላጅ ከለከለ፣ መጨረሻው መቃብር ሆነ፤ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ ከዚህ ምን እንረዳ? ሐዲስ ዓለማየሁ ከሼክስፒር ወሰዱ ነው? ወይስ የከበደ ሚካኤል ሥራ ቀድሞ ለአማርኛ አንባቢ መንገዱን ጠርጎ ነበር ነው? ወይስ ፍቅርና መቃብር በሰው ልጅ ተረት ሁሉ ስለሚገናኙ በአጋጣሚ ተመሳሰሉ ነው? ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሥጋ ዝምድና ነው፤ ሁለተኛው አበልጅነት፤ ሦስተኛው መንገድ ላይ «ከእገሌ ጋር ትመሳሰላለህ» መባል። አንድ ቀጭን መስመር ሦስቱንም ደበላልቆ ያስቀምጣቸዋል።

በዚያ ላይ የቀረበው ዘመድ ተረስቷል። በዛብህ እናቱ ለእግዚአብሔር የተሳለችው የስለት ልጅ ነው። ይህን ታሪክ የአብነት ተማሪ ለሆነ ሰው ንገሩት፤ ቬሮና ከተማ ትዝ አይለውም፤ ሐናና ልጇ ሳሙኤል ናቸው የሚመጡበት። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ሐና ልጇን ለመቅደስ ሰጠች፤ ሳሙኤልም ነቢይ ሆነ። በዛብህ ለመቅደስ ተሰጠ፤ ከዚያስ? ልብ ወለዱ ያንን የጥንት ስለት ተቀብሎ «ልጁን ማን ጠየቀው?» ብሎ ይሟገተዋል። እዚህ ላይ ዝምድናው ክርክር ነው፤ የአባትና የልጅ ክርክር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሳይ መስመር ቢኖር እኔም ተማሪ ሆኜ እቀመጥ ነበር።

ወደ «ጦቢያ» ልሂድ። ልጆቹ ከሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ጋር አያይዘዋታል። መንታ ወንድምና እህት አሉ፤ እህትየዋ ወንድ መስላ ትጓዛለች። በመልክ ደረጃ ቁርጥ እሷን! አፈወርቅም አውሮፓ የኖረ ሰው ነውና ግምቱ አያስቅም። ነገር ግን አፈወርቅ ከአውሮፓ በፊት የዘጌ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረ ሰው ነው። ስንክሳር ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሰው በወንዶች ገዳም የኖሩ ቅዱሳት ሴቶችን ታሪክ በየወሩ ያነባል። ጦቢያ የማን ልጅ ናት? የሼክስፒር ቫዮላ ናት እናቷ ወይስ የስንክሳሯ መነኩሲት? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቴም ጦቢያን የሚነዳት ሃይማኖትና የወላጅ ፍቅር እንጂ የፍቅር ጨዋታ አለመሆኑ ነው። ሌላው ሰው በመጀመሪያው ሊሟገተኝ ይችላል፤ ይሟገተኝ! ሥነ ጽሑፍ ማንበብ ማለት ይሄው ሙግት ነው። ድረ ገጹ ግን ሙግቱን ሰርዞ ውጤቱን ብቻ ለጥፏል፤ ያውም የአንዱን ወገን።

መስመሮቹ ከየት እንደመጡ ስጠይቅ ግማሹን ልጅቷ ከንባቧ፣ ግማሹን ደግሞ ኮምፒውተሩ ቃላት እያመሳሰለ እንዳመጣቸው ተነገረኝ። እውነትም ሁለት መጻሕፍት ጠጅ ስለሚጠጣባቸው ብቻ ተዛምደው አገኘሁ። (በዚህ ሚዛን አማርኛ ሥነ ጽሑፍ በሙሉ የአንድ እናት ልጅ ነው።) ቃል ማመሳሰል ለእኛ ቋንቋ ሁለት ጊዜ አታላይ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በየጸሐፊው እጅ ይቀያየራሉ። ማሽኑ አንዱን ቃል ሁለት ሦስት አድርጎ ይቆጥረዋል። «ቀበረ»፣ «ተቀባሪ»፣ «መቃብር»፣ «ቀብር» ደግሞ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች መሆናቸውን ካላስተማሩት አያውቅም። ይህ እንኳ በሥራ ይስተካከላል፤ ዛሬ የማሽኖቹ አቅም በየወሩ እያደገ ነው። የማይስተካከለው፣ ቃል ሳይጋሩ የሚዛመዱ መጻሕፍት ነገር ነው።

ለዚህ ከ«ባራላም ወይዋሰፍ» የተሻለ ምስክር አላውቅም። ይህን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት አባ ዕንባቆም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን። ትውልዳቸው የመን ነው፤ መጥተው ተጠምቀው፣ መንኩሰው፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆኑ። ታሪኩ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ስለመነነ የሕንድ ልዑል ነው። ምሁራን ወደኋላ ሲቆጥሩ የታሪኩ ሥር የቡድሃ ሕይወት ሆኖ ተገኘ! «ይዋሰፍ» የሚለው ስም ራሱ የተወለደው ቡድሃ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ከሆነው ከ«ቦዲሳትቫ» ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት ላይ በነጥብ መዛነፍ ቡ የነበረው ዩ ሆነ፤ ከዚያ ቋንቋ ለቋንቋ ሲንከባለል ይዋሰፍ ተባለ። አንዲት ነጥብ የሕንድን ልዑል ዘመዶቹ እንዳያውቁት አድርጋ ሰደደችው። ያወቁት ግን ቋንቋ በቋንቋ፣ ቤት በቤት የቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ልክ እንደ ሽማግሌዎቻችን። በልጆቹ ሰሌዳ ላይ ይህ ሁሉ ጉዞ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ርዝመቱም ከጠጁ መስመር እኩል!

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚለው መልሱን ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በአንድምታ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩ ይተረጉማሉ። ትርጓሜው አንድ ብቻ አይደለም፤ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ አሁንም «አንድም»። ከሌላ መጽሐፍ ቃል ሲያመጡ «እንዲል» ይላሉ። ይህች አጭር ቃል የሌላውን መጽሐፍ ምስክርነት መጥሪያ ናት። ነገሩን የሚያስረዳ ተረክ ሲያመጡ «ታሪክ» ብለው ለብቻው ያስቀምጡታል። ጥያቄ የሚያስነሣ ሲሆን «ሐተታ» ይመጣል። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት በእነዚህ ቃላት እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ኖረዋል። ቴድ ኔልሰን ሳይወለድ የእኛ መምህራን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲዘሉ ነበር ብዬ አልመጻደቅም፤ ይሄ የተለመደ «እኛ ቀድመን ነበር» ነው፤ ማንንም አያበላ። እኔ የማደንቀው ጥንታዊነቱን ሳይሆን ጥንቃቄውን ነው። መምህሩ ሲዘሉ የአዘላለሉን ዓይነት በስሙ ይጠሩታል። «እንዲል» ካሉ ምስክር ማምጣታቸው ነው፤ «አንድም» ካሉ ደግሞ ሌላ አማራጭ ማቅረባቸው ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ቢያውሉት ከፊታቸው የተቀመጠው ተማሪ ይታዘባቸዋል።

ድረ ገጹም መስመሮቹን እንዲህ ስም ያውጣላቸው። ይህኛው መጽሐፍ ያንን ተረጎመ፤ ይህኛው ከዚያኛው ወሰደ፤ ይህኛው ያንን ተሟገተ፤ ይህኛው አላገጠበት። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያወጡት «ወዳጄ ልቤ» ከእንግሊዛዊው ከቡንያን የክርስቲያን ጉዞ ጋር ያለው ዝምድና የክርስትና ልጅ ዝምድና ነው፤ ምሳሌያዊ ጉዞውን ተቀብሎ በአገር ልብስ አስጊጦታል። በዓሉ ግርማ «የሕሊና ደወል»ን እንደገና አስፍቶ «ሐዲስ» ብሎ ሲያወጣው ደግሞ መጽሐፉ የዛመደው ከራሱ ጋር ነው። ሁለቱን በአንድ ቀለም መሣል አንባቢን ማሳሳት ነው።

በዓሉን ካነሣን ዘንድ ከሁሉ የከበደውን ላንሣ። «ደራሲው» የተባለው ልብ ወለዱ ላይ ያለው ሲራክ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የተቀዳ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ማሽን ቢፈልግ አያገኘውም፤ የስብሐት ስም መጽሐፉ ውስጥ የለምና። ይሄኛው ጨዋታ ነው፤ ስብሐትም አልተቀየመም። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲወጣ ግን አንባቢ ያንኑ ጨዋታ ቀጠለ፤ ይሄ ገጸ ባሕርይ እገሌ ነው፣ ያኛው ባለሥልጣን እገሌ ነው ተባለ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። መጽሐፍን ከሰው፣ መጽሐፍን ከመጽሐፍ የሚያገናኝ መስመር ሐቅ ሳይሆን ክስ፣ ወይም ውዳሴ፣ ወይም ግምት መሆኑን ለማሳየት ነው። ሁሉም ተናጋሪ አላቸው። «ይህ ከዚያ ተወስዷል» ማለት አንድን ደራሲ ሌባ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስመሩን የሳለው ሰው ስሙን ከሥሩ ያኑር፤ የቱ ገጽ ላይ እንዳየው ይጻፍ። ስም የሌለው መስመር ሐሜት ነው፤ ያማረ ሥዕል ስለሆነ ሐሜትነቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ልጅቷ ዝም ብላ አልተቀበለችኝም። «መምህር፣ እንዲህ ካጠበቅነው እኮ ሰሌዳው ላይ ሃያ መስመር አይቀርም። ሰው ደግሞ መጀመሪያ መማረክ አለበት። ጥርጣሬም ቢሆን መንገድ ይከፍታል» አለች። ይሄ ቀላል መልስ አይደለም። ብዙ ትልልቅ ግኝቶች የተጀመሩት ከጥርጣሬ ነው። የይዋሰፍን ዘር የቆጠሩትም ሰዎች መጀመሪያ የነበራቸው «ይሄ ነገር ከዚያ ጋር አይመሳሰልም እንዴ?» የሚል ግምት ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው ይኑር፤ ግን በነጠብጣብ ይሣል። የተረጋገጠው በደማቅ፣ የተጠረጠረው በነጠብጣብ። ነጠብጣቡን የነካ አንባቢ «ማስረጃ ካለህ አምጣ» የሚል ጥያቄ ይጠብቀው። ሌላው ደግሞ «አንድም» ብሎ የራሱን ይጨምርበት። አንባቢ ይሳተፍበታል የሚባለው ድረ ገጽ ያኔ እውነትም ተሳታፊ ይኖረዋል። አሁን ባለበት ግን የአንባቢው ተሳትፎ ጣቱን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ወንድ ልጁ ይህን ሲሰማ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ፤ «ይቻላል» አለ። የኮምፒውተር ሰው «ይቻላል» ሲል ደስ ይላል፤ መቼ እንደሆነ ካልጠየቁት።

አንድ ችግር ግን በኮምፒውተር ብልሃት አይፈታም። መስመሩ ወስዶ የሚያደርሰን መጽሐፍ የት አለ? «ወዳጄ ልቤ»ን ነክቶ ልቡ የተነሣሣ ወጣት መጽሐፉን ከየት ያግኝ? ብዙዎቹ ሥራዎች ዳግመኛ አልታተሙም፤ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ዘንድ ቢገኙም ዋጋቸው አይቀመስም። ሙሉ ጽሑፉን ድረ ገጹ ላይ ማውጣት ደግሞ ለሁሉም አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነውና «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ብዙ ይቀረዋል፤ መብቱም ሊከበር ይገባል። አፈወርቅና ኅሩይ ግን ከዚያ ጊዜ አልፈዋል። የእነርሱን ሥራ ሙሉውን ማስነበብ ይቻላል፤ የሌሎቹን ደግሞ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን አጠር አድርጎ መጥቀስና በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኙ መጠቆም። መጽሐፍ የሌለበት ነጥብ መንደር ወደሌለበት አገር የሚያመለክት የመንገድ ታርጋ ነው። አንባቢ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲዞር ውሎ አንድም ገጽ ሳያነብ ማታ «ሥነ ጽሑፋችንን አወቅሁት» ብሎ እንዳይተኛ እፈራለሁ። የፈተናው ተማሪ ዓመትና ስም ይዞ እንደወጣው ሁሉ፣ ይህኛው ደግሞ መስመር ይዞ ይወጣል።

ቢሆንም ልጆቹ ሥራቸውን ያፍጥኑት፤ ምክንያቱም ጊዜ የላቸውም። የአማርኛ መጻሕፍት ዝምድና አብዛኛው በየትም አልተጻፈም። ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እገሌ ያንን ልብ ወለድ የጻፈው የእገሌን ተውኔት አይቶ ተናዶ እንደሆነ የሚያውቅ የድሮ አራሚ አለ። የትኛው ግጥም የየትኛውን ቅኔ መንገድ እንደተከተለ ሰምቶ የሚለይ የቅኔ መምህር አለ። መጽሐፉን ከማሳተሙ በፊት ረቂቁን ያነበበ ጓደኛ አለ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ዘመድ ቆጣሪው ሽማግሌ ሲሞት የቤተሰቡ ሰንሰለት አብሮት እንደሚቀበር ሁሉ፣ እነርሱም ሲያልፉ መስመሩ አብሯቸው ይቀበራል፤ ማሽኑም ቃል እያመሳሰለ ጠጅና ጠጅን ከማዛመድ በስተቀር የሚያደርገው አይኖርም።

ስለዚህ የመጨረሻው ትችቴ ይህ ነው፤ ልጆቹ ከኮምፒውተሩ ፊት ትንሽ ይነሡና መቅጃ ይዘው እነዚያን ሰዎች ይጠይቁ። «ይሄ መጽሐፍ ከዚያ ጋር ይዛመዳል?» ብለው ብቻ አይመለሱ። «በምን በኩል?» ይበሉ።